«አስተዳደር» እና «ሥራ አመራር»፦ የሆስፒታል መሪዎች የድኅረ ምረቃ ትምህርት ስሞች ታሪክ

አንድ የትምህርት ዘርፍ በአጭር ዕድሜው ስሙን ደጋግሞ ሲለውጥ የቃላት ተመራማሪ ቆም ብሎ ሊያየው ይገባል። ሆስፒታልን የሚመሩ ሰዎች በድኅረ ምረቃ ደረጃ የሚሠለጥኑበት ትምህርት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጸንቶ ከቆመ ገና መቶ ዓመት አልሞላውም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ግን መጀመሪያ «ሆስፒታል አድሚኒስትሬሽን»፣ ቀጥሎ «ሄልዝ አድሚኒስትሬሽን»፣ ኋላም «ሄልዝ ኬር ማኔጅመንት» ተብሏል። ወደ አማርኛ ሲመጡ እነዚህ ስሞች በአንድ ከረጢት ይገባሉ፤ ወይም በአንዱ ገጽ «አስተዳደር» የተባለው በሌላው ገጽ ያለ ምክንያት «ሥራ አመራር» ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስሞቹ መቼና ስለምን እንደ ተለዋወጡ መተረክ፣ ከዚያም በአማርኛ በእጃችን ያሉት ቃላት ለየትኛው ዘመን ስም እንደሚስማሙ መመርመር ነው። ጉዳዩ የመዝገበ ቃላት አዘጋጁን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በምስክር ወረቀት ላይ የሚጻፍ፣ በሥራ ማስታወቂያ የሚወጣ፣ በሆስፒታል ግቢ ውስጥ ማን የማን አለቃ እንደሆነ የሚጠቁም ስም ነውና። በጽሑፉ ውስጥ የአሜሪካና የእንግሊዝ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

«ሆስፒታል» የሚለው ቃል ምንጩ የላቲኑ «ሆስፔስ» ነው፤ ትርጉሙም እንግዳም እንግዳ ተቀባይም ማለት ነው። የ19ኛው ምእተ ዓመት የአሜሪካ ሆስፒታል ከዚህ ምንጩ ብዙ አልራቀም ነበር። ገንዘብ ያለው ሰው ሐኪም ጠርቶ በቤቱ ይታከማል፤ ወደ ሆስፒታል የሚሄደው አስታማሚ የሌለው ድኻ ነው። ስለዚህም ቤቱን የሚመራው ሰው ዋና ሥራ እንጨቱን፣ እህሉን፣ አልጋውንና አንሶላውን መቈጣጠር ነበር። ይህ ሰው «ሱፐርኢንተንደንት» ይባላል፤ ቃል በቃል ሲፈታ «ከላይ ሆኖ የሚመለከት» ማለት ነው። በ1899 ዓመት በክሊቭላንድ ከተማ እነዚህ ተቈጣጣሪዎች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩም በ1906 «የአሜሪካ ሆስፒታሎች ማኅበር» ተባለ። የስሙን ለውጥ እናስተውል፤ የሰዎች ማኅበር የነበረው የተቋማት ማኅበር ሆነ።

በዚያው በ1899 በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ «የሆስፒታል ኢኮኖሚክስ» የሚባል ትምህርት ተጀመረ። ትምህርቱ የተከፈተው ለተመረቁ ነርሶች ነበር። የዘርፉ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ከ1934 ስለሚጀመር ይህ ይዘለላል፤ ይሁን እንጂ ሆስፒታል መምራት በዩኒቨርሲቲ ሊማሩት የሚገባ ሙያ መሆኑን ቀድመው የተቀበሉት ሴቶች ነበሩ። «ኢኮኖሚክስ» የተባለውም በዛሬው ትርጉሙ አይደለም፤ ግሪኩ «ኦይኮኖሚያ» የቤት አያያዝ ማለት ነውና የነርሶቹ ትምህርት ለጥንታዊው ፍቺ የቀረበ ነበር።

እዚህ ላይ የግእዙን «መገበ» ማንሣት ያስፈልጋል። በገዳም ሥርዓት ከአበ ምኔቱ ቀጥሎ የማኅበሩን እህልና ንብረት የሚይዝ፣ ለእንግዳውም ለሕመምተኛውም የሚያስበው መነኵሴ «መጋቢ» ነው። በግእዝ «ምግብና» አስተዳደር፣ ጠባቂነት ሲሆን፣ አማርኛው ከዚሁ ሥር «ምግብ»ን አወጣ፤ መመገብና ማስተዳደር በአንድ ቃል ውስጥ ተጋብተው የኖሩበት ሁኔታ ነው። የ19ኛውን ምእተ ዓመት ሱፐርኢንተንደንት በአማርኛ በትክክል የሚገልጸው ይህ ቃል ነበር። ነበር የምለው «መጋቢ» ዛሬ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ የመንፈሳዊ አገልጋይ መጠሪያ ሆኖ ስለጸና ነው፤ ለሆስፒታል ብናውለው አንባቢ ሌላ ነገር ያስባል። ስለዚህ ለዚያ ዘመን ሰው «የሆስፒታል የበላይ ተቈጣጣሪ» ማለቱ ይበቃል።

ተቈጣጣሪው በቂ እንዳልሆነ የታየው ከቀዶ ሕክምና ሐኪሞች በኩል ነበር። የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በ1918 መቶና ከዚያ በላይ አልጋ ያላቸውን 692 ሆስፒታሎች ሲመረምር ዝቅተኛውን መመዘኛ ያሟሉት 89 ብቻ ሆነው ተገኙ። መመዘኛው የሚጠይቀው ረቂቅ ጥበብ አልነበረም፤ የሐኪሞች ጉባኤ ይኑር፣ የእያንዳንዱ ሕመምተኛ መዝገብ ይያዝ፣ ላቦራቶሪና የራጅ አገልግሎት ይገኝ የሚል ነበር። በ1919 ውጤቱ በኒው ዮርክ ይፋ ሲሆን ዝርዝሩ በጋዜጠኞች እጅ እንዳይገባ በሆቴሉ ምድጃ እንደ ተቃጠለ ይተረካል፤ በዝርዝሩ ከወደቁት መካከል ስመ ጥር ሆስፒታሎች ነበሩና። መዝገብ ሳይያዝ፣ ጉባኤ ሳይጠራ የሚቀረው በሐኪሙ ዕውቀት ማነስ እንዳልሆነ ግልጽ ነበር። እነዚህን ሥራዎች በኃላፊነት የሚይዝ የሠለጠነ ሰው ጠፍቶ ነው።

በሚልዋኪ ከተማ የሚገኘው የማርኬት ዩኒቨርሲቲ በ1920ዎቹ አጋማሽ በዚህ ሙያ ዲግሪ መስጠት ሞከረ። የሐሳቡ አመንጪ የካቶሊክ ሆስፒታሎች ማኅበርን ያቋቋሙት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ቻርልስ ሙሊኒየር ነበሩ። ሁለት ተማሪዎች በ1927 ተመረቁ፤ ብዙም ሳይቈይ ትምህርቱ ተዘጋ። ሙከራው ቢከሽፍም ለቃላት ታሪክ ዋጋ አለው፤ «ሆስፒታል አድሚኒስትሬሽን» የሚለው ሐረግ የዲግሪ ስም ሆኖ የታየው በዚያ ነውና።

ስሙን ያጸናው ግን ማይክል ዴቪስ ነው። ዴቪስ ሐኪም አልነበረም፤ የተማረው የኅብረተሰብ ጥናት ሲሆን የሠራውም በሕክምና ጣቢያዎች አደረጃጀት ላይ ነበር። በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ሆስፒታል አድሚኒስትሬሽንን አንድ ሰው ዕድሜውን ሊሰጠው የሚገባ ሙያ አድርጎ አቀረበው፤ በንኡስ ርእሱም ሆስፒታልን የቢሊዮን ዶላር የንግድ ሥራ ብሎ ጠራው። ሁለት ዓመት የሚፈጅ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ነድፎም አወጣ። በ1933 የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ኮሌጅ የተባለው የሙያ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1934 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያሰበውን ትምህርት በንግድ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከፈተ። ትምህርቱ በሕክምና ፋኩልቲ ሳይሆን በንግድ ትምህርት ቤት መከፈቱ ለክርክር በር ከፈተ፤ እስከ ዛሬም ዘርፉ በአንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ከሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት፣ በሌላው ከንግድ ትምህርት ቤት፣ በሌላው ደግሞ ከሕክምናው ጋር ይገኛል። ስሞቹ የበዙት ከፊሉ ከዚህ የተነሣ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቋንቋ ይናገራልና።

ለመሆኑ «አድሚኒስትሬሽን» ስለምን ተመረጠ? ላቲኑ «ሚኒስትራሬ» ማገልገል ማለት ነው፤ «ሚኒስተር» ደግሞ አገልጋይ ነው፤ ቃሉ ታናሽነትን ከሚያመለክት ሥር የመጣ ነው። (ይኸው አገልጋይ በዘመናት ውስጥ ከፍ ብሎ ዛሬ «ሚኒስትር» ሆኗል፤ የቃላት ሹመት ከሰው ሹመት ይበልጥ ያስገርማል።) «ማኔጅመንት» ግን በጣሊያንኛ ፈረስን በእጅ መግራት ከማለት የመጣ ነው፤ ሥሩም እጅ ነው። በ1930ዎቹ አሜሪካ አንዱን ቃል መምረጥ አቋም መያዝ ነበር ማለት ይቻላል። የመንግሥትና የበጎ አድራጎት ድርጅት «አድሚኒስትሬሽን» ሲኖረው፣ ፋብሪካ «ማኔጅመንት» አለው። ሆስፒታሎቹ አብዛኞቹ ለትርፍ የቆሙ አልነበሩምና የመጀመሪያውን ቃል ወሰዱ። ዴቪስ የንግድ ሥራን ስም ያነሣው ሥልጠና እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ሲሆን ለሙያው የሰጠው ስም ግን የአገልግሎቱን ቃል ነው።

ክፍፍሉን ፍጹም አድርጎ መውሰድ ግን አይገባም። ማልኮልም ማክኢቸርን የተባሉት ካናዳዊ ሐኪም በ1935 ያሳተሙት ታላቅ የማስተማሪያ መጽሐፍ በርእሱ የያዘው «ኦርጋናይዜሽን» እና «ማኔጅመንት»ን ነው፤ እሳቸውም በ1943 የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲን የዚህ ትምህርት ክፍል የመሩ ሰው ናቸው። ቃላት እንደ ድንበር ድንጋይ አንድ ቦታ ተተክለው አይኖሩም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዘርፉ በፍጥነት ሰፋ። በ1946 የወጣው የሂል በርተን ሕግ በየክፍላተ ሀገሩ ሆስፒታል ለማሠራት የፌዴራል ገንዘብ አቀረበ፤ ሕንጻው ሲበዛ የሚመራው ሰው ይፈለግ ጀመር። የኬሎግ ፋውንዴሽን ለዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ ሰጠ፤ ኮሎምቢያ፣ ሚኔሶታና ዬልን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን ከፈቱ፤ በ1948ም ማኅበር አቋቋሙ። የዚያ ዘመን ሥርዓተ ትምህርት መልኩ ቀላል ነበር፤ ተማሪው አንድ ዓመት ያህል በዩኒቨርሲቲ ይማራል፣ ከዚያ አንድ ዓመት ያህል በሆስፒታል ውስጥ በአንድ ልምድ ባለው አስተዳዳሪ ሥር ይሠራል። ይህ ሁለተኛው ዓመት «ሬዚደንሲ» ይባል ነበር፤ ስሙ በቀጥታ የተወሰደው ከሐኪሞች ሥልጠና ነው። ወጣት ሐኪም በሆስፒታሉ ውስጥ እየኖረ ይማር ስለነበረ «ነዋሪ» ተባለ፤ አስተዳዳሪውም ያንን ስም ተዋሰ። ተውሶው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሐኪም ያልሆነ ሰው በሐኪሞች መካከል ተከብሮ ለመቆም የእነርሱን የሥልጠና ስም መልበስ ያስፈልገው ነበር። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ግን ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ዓመቱን ወደ ጥቂት ወራት አሳጠሩት፤ የክፍል ትምህርቱ ደግሞ ወደ ሁለት ዓመት አደገ።

ቀጣዩ ለውጥ «ሆስፒታል» የሚለውን ቃል ነካ። በ1965 ለአረጋውያን ሜዲኬር፣ ለድኾች ሜዲኬድ የተባሉት የመንግሥት የሕክምና ዋስትናዎች ሲታወጁ ገንዘቡ በሆስፒታል ግድግዳ ውስጥ ብቻ አልቀረም፤ የአረጋውያን ማቈያ፣ የቤት ለቤት ሕክምና፣ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ ሁሉ መሪ ፈለጉ። በሰባዎቹ ዓመታት የትምህርት ክፍሎቹ «ሆስፒታል»ን እየተዉ «ሄልዝ»ን ወሰዱ። ይህ ለተርጓሚ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ስም አልጋ ይቈጥራል፤ ሁለተኛው ሕዝብ ይቈጥራል። ከ1950ዎቹ የተጻፈን ሰነድ ሲተረጕም «የጤና አስተዳደር» የሚል ተርጓሚ በዚያን ጊዜ ያልነበረ ሐሳብ ያስገባል።

«ማኔጅመንት» አሸናፊ ሆኖ የወጣው በሰማንያዎቹ ነው። በ1983 ሜዲኬር ለሆስፒታል የሚከፍለውን ሆስፒታሉ ባወጣው ወጪ ልክ መሆኑ ቀርቶ በበሽታው ዐይነት አስቀድሞ በተወሰነ ዋጋ እንዲሆን ተደነገገ። ሕመምተኛው ብዙ ቀን ቢተኛ ሆስፒታሉ ይከስራል፤ ቶሎ ቢወጣ ያተርፋል። አስተዳዳሪ የነበረው ሰው በዚህ ጊዜ ፈረሱን በልጓም መያዝ ግድ ሆነበት። በ1985 ከላይ የጠቀስነው የ1933ቱ ኮሌጅ «አድሚኒስትሬተርስ» የሚለውን ከስሙ አውጥቶ «ኤግዘኪውቲቭስ»ን አስገባ። በእንግሊዝም በዚሁ በ1983 የገበያ መደብሮች ኩባንያ መሪ የነበሩት ሮይ ግሪፊትስ የብሔራዊውን የጤና አገልግሎት አመራር መርምረው፣ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ፋኖሷን ይዛ ዛሬ በአገናኝ መንገዶቹ ብትዘዋወር የምትፈልገው ኃላፊውን ሰው ነው የሚል ሐሳብ ያለው ዘገባ አቀረቡ። ከዚያ በኋላ «አድሚኒስትሬተር» የሚባሉት ሰዎች «ማኔጀር» ተባሉ። በእንግሊዝ የመጀመሪያው ቃል ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ደብዳቤ የሚያመላልስ ሰው ወደሚል ፍቺ ዝቅ አለ፤ በአሜሪካ ግን በዲግሪው ስም ላይ እስከ ዛሬ ተከብሮ ይኖራል። አንድ ቃል በሁለት የእንግሊዝኛ አገሮች ሁለት ዕጣ ገጠመው፤ ተርጓሚ ሰነዱ የየትኛው አገር እንደሆነ ሳያይ ሊተረጕመው አይችልም።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ። «አስተዳደረ» የ«አደረ» ዘር ነው፤ «አደረ»ም የግእዙ «ኀደረ» ሲሆን ማኅደርም ከዚያ ይወጣል። ሌሊትን ማሳለፍ፣ መኖር የሥሩ መነሻ ነው። ከዚያ «ተዳደረ» ራሱን ቻለ፣ ኖረ ማለት ይሆናል፤ «ትዳር» ከዚህ ነው፤ «መተዳደሪያ» ሰው የሚኖርበት ገቢ ነው፤ ማኅበር ሲሆን ደግሞ የሚመራበት ደንብ ነው። «አርሶ አደር»፣ «ሠርቶ አደር»፣ «ወታደር» የሚሉትም የሰውን ሥራ በአዳሩ ይጠራሉ። አንድ አባት አምስት ነፍስ ያስተዳድራል ሲባል ያበላል፣ ያለብሳል፣ ጣሪያ ይሰጣል ማለት ነው እንጂ ያዛል ማለት አይደለም። ሕመምተኛ አልጋ ይዞ የሚያድርበትን ቤት ለማኖር ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ይመጣል? የላቲኑ «ሆስፔስ» እንግዳ፣ የአማርኛው «አደረ» ማደር፤ ሁለቱ ሳይተዋወቁ አንድ ደጅ ላይ ተገናኝተዋል።

ቃሉ ግን ከዚህ ብቻ አልኖረም። የመንግሥት ሥራ ሲደራጅ «አስተዳዳሪ» የአውራጃና የወረዳ ሹም መጠሪያ ሆነ፤ በደርግ ዘመን የክፍለ ሀገሩ የበላይ ዋና አስተዳዳሪ ይባል ነበር። ዛሬም «የከተማ አስተዳደር» ስንል ሥራውን ብቻ ሳይሆን አካሉንም፣ አንዳንዴም ግዛቱን ማለታችን ነው። በጤናው መስክ የግዛት ቃል ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ በ1947 ዓ.ም. በተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የሠለጠኑት «ጤና መኰንን» ሲባሉ «መኰንን» በግእዝ የሚፈርድና የሚገዛ ሰው ነው። ጤና መኰንኑ ስሙን በሥራው አለዘበው፤ ዛሬ ቃሉን ሰምቶ ገዢ የሚያስብ የለም። «አስተዳዳሪ» ግን በሹመት ትርጉሙ ሕያው ነውና እንዲህ በቀላሉ አይለዝብም።

ሦስተኛው ፍቺ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን «አስተዳደር» ብዙ ጊዜ የሠራተኛ መዝገብን፣ ጥበቃን፣ ጽዳትን፣ ግምጃ ቤትንና ተሽከርካሪን የያዘውን ክፍል ይመለከታል፤ «አስተዳደርና ፋይናንስ» የሚለው ጥምረት ከዚህ ነው። በዚህ አገባብ ቃሉ ከፍ ያለውን አመራር ሳይሆን ለዋናው ሥራ ድጋፍ የሚሰጠውን ይጠራል። ስለዚህ በሆስፒታል አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው የቤቱን ጠቅላላ ሥራ ለመምራት እንደ ሠለጠነ ሳይሆን የበረኛውንና የጽዳት ሠራተኛውን ሰዓት ለመቈጣጠር እንደ ተላከ ሊታይ ይችላል። በጆሮ የሚሰማው ስም ዲግሪውን ያሳንሰዋል።

ይህ የሐሳብ ጨዋታ እንዳይመስል የአገራችንን ታሪክ እንይ። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የበላይነቱ በልማድ የሐኪሙ ነበር፤ መጠሪያውም «ሜዲካል ዳይሬክተር» ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲና የክሊንተን ፋውንዴሽን የኤች አይ ቪ ኤድስ ፕሮግራም ተባብረው የሆስፒታል አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት አስጀመሩ። ዬል ከላይ እንዳየነው በአርባዎቹ ትምህርቱን ከከፈቱት አንዱ ስለሆነ፣ የቺካጎው ሐሳብ በዚህ መንገድ ጅማ ደረሰ ማለት ነው። ተማሪዎቹ ሥራ ላይ ያሉ የሆስፒታል መሪዎች ነበሩ፤ ለጥቂት ሳምንታት ክፍል ገብተው ይማራሉ፣ ወደየሆስፒታላቸው ተመልሰው የተማሩትን በዚያው ይሠሩበታል፣ ደግሞም ይመለሳሉ። የአሜሪካው ትምህርት በመጨረሻ ያስቀመጠውን የሥራ ልምምድ ይህኛው ከክፍሉ ጋር እያፈራረቀ አስኬደው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ሚኒስቴሩ ሆስፒታሎች የሚሻሻሉበትን የአፈጻጸም መመሪያ አወጣ፤ የታካሚ አቀባበል፣ የሕክምና መዝገብ፣ የመድኃኒት አያያዝ፣ የበሽታ መተላለፍን መከላከል በደረጃ ተወሰኑ። የ1918ቱን የአሜሪካ መመዘኛ ላነበበ ሰው ዝርዝሩ እንግዳ አይሆንም።

ከትምህርቱ ጋር አብሮ የመጣው የሥራ መደብ «ዋና ሥራ አስፈጻሚ» ነው። እዚህ ላይ አንድ የማይጠበቅ ነገር እናያለን፤ ዲግሪው የ1934ቱን ቃል፣ መደቡ የ1985ቱን ቃል ይዘው በአንድ ጊዜ ገቡ። አሜሪካ በግማሽ ምእተ ዓመት የተጓዘችውን ርቀት የእኛ ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ተሸክሞታል፤ በምስክር ወረቀቱ አስተዳዳሪ፣ በደብዳቤው አስፈጻሚ ነው። «አስፈጻሚ» ራሱ ለ«ኤግዘኪውቲቭ» የቀና ትርጉም ነው፤ ላቲኑ እስከ ፍጻሜው መከተል ይላል፣ አማርኛውም ፈጸመን ይዟል። ሆኖም ፍርድ አስፈጻሚም፣ ምርጫ አስፈጻሚም አለና አስፈጻሚ ሌላው የወሰነውን ዳር የሚያደርስ ይመስላል። «ሥራ አስኪያጅ»ም ሥራው እንዲሄድ የሚያደርግ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ አይነግረንም። «ሥራ አመራር» ግን መራን ስለያዘ አቅጣጫን ያስባል፤ ከፊት የሚሄድ ሰው አለበት። ለ«ማኔጅመንት» የተሰጠው ይህ ቃል ከምንጩ ይልቅ ያማረ ነው ብል አልተጋነነም፤ ፈረስ ከመግራት መንገድ መምራት ይሻላል።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ሁለቱን ቃላት እንደ ተመሳሳይ አለመቍጠር ነው። እስከ ስድሳዎቹ ላለው ታሪክ «የሆስፒታል አስተዳደር» ይጽና፤ የ«አደረ» ሥር ለዚያ ዘመን ይስማማልና። ከሰባዎቹ በኋላ ላለው «የጤና አገልግሎት አስተዳደር» ይባል። «አገልግሎት» የግድ መግባት አለበት፤ «የጤና አስተዳደር» ብቻ ሲባል ሰው የራሱን ጤና የሚይዝበት መንገድም ይመስላል፣ ለብዙ ዓመታት ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተብሎ ኖሮ ዛሬ ጤና ሚኒስቴር ከሚባለው መሥሪያ ቤት ሥራም ጋር ይደባለቃል። ምንጩ «ማኔጅመንት» ባለ ጊዜ «የጤና አገልግሎት ሥራ አመራር» ይባል፤ የእንግሊዝ ሰነድ ከሆነ ከ1983 በፊትና በኋላ ያለውን መለየት ያስፈልጋል።

ለ«ኬር» አንዳንዶች «ክብካቤ» ይላሉ። «እንክብካቤ» በልጅና በሽማግሌ ዙሪያ ያለ ሞቅ ያለ ቃል ነው፤ በተርጓሚ እጅ «ክብካቤ» ተብሎ ሲታጠር ግን ግእዝ ለተማረ ጆሮ «ከብካብ»ን፣ ማለት የሠርግ ግብዣን ያስታውሳል። የቃና ዘገሊላን ሠርግ ከሆስፒታል ጋር ማገናኘት አያስፈልግም። እንግሊዝኛውም ቢሆን በዚህ ሐረግ ውስጥ ርኅራኄን ሳይሆን የሚሰጠውን አገልግሎት ነው የሚያመለክት፤ «አገልግሎት» በቂ ነው። «እንክብካቤ» ነርሷ ለታመመው ሰው የምታደርገውን ለመግለጽ ይቀመጥ።

«ድኅረ ምረቃ» ያለ ጭቅጭቅ የጸና ቃል ነው። እንግሊዝኛው «ግራጁዌት» የላቲን ደረጃን፣ እርከንን ይዟል፤ እኛ ግን መረቀን ይዘናል፤ ተማሪው ደረጃ መውጣቱ ሳይሆን መመረቁ፣ መባረኩ ነው የተነገረው። «ድኅረ» በግእዝ ከበስተኋላ ማለት ስለሆነ ቃሉ ከምርቃት በኋላ ያለውን ትምህርት በትክክል ይገልጻል።

የቀረው «ሬዚደንሲ» ነው። ከምንጩ ጋር የሚሄደው «አዳሪነት» ነበር፤ በሆስፒታል ውስጥ እያደረ የሚማር ሰው አዳሪ ነው፣ ሥሩም ከ«አስተዳደር» ጋር አንድ ነው። ነገር ግን «አዳሪ» በአንድ በኩል በትምህርት ቤት የሚያድረውን ልጅ፣ በሌላ በኩል በመንገድ ዳር የምትኖረውን ሴት ስለያዘ የተከበረ ሙያ መጠሪያ ሊሆን አይችልም። «ነዋሪነት» የቀበሌ መታወቂያን ያስታውሳል። በሐኪሞች ዘንድ «ሬዚደንት» እንዳለ ገብቶ ስለተለመደ ለእነርሱ ባዕዱን ቃል ማቆየት ይሻላል፤ ለአስተዳዳሪዎቹ ግን የዚህን ስም ክብር መዋስ ምክንያቱ አልፎበታልና «የሆስፒታል የሥራ ልምምድ» ቢባል በቂ ነው። የ1948ቱን ሥርዓተ ትምህርት የሚተረጕም ሰው ብቻ «ሬዚደንሲ»ን እንዳለ ጽፎ፣ ተማሪው በሐኪሞቹ ስም ለምን እንደ ተጠራ በግርጌ ያስረዳ።